ድመቷ ሁዳዴን የጾመች ዓመት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ጎረቤቴ የሆነው ወጣት መምህር በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ነጠላዬን እስካጣጥፍ ታገሠና፣ «እማማ፣ አይቀየሙኝ፤ ድመትዎን ቢያስሩልኝ» አለኝ። በአጥራችን ሥር አበባ ተክሏል። አበባው ላይ ወፎች ይመጣሉ፤ ለተማሪዎቹ ያሳያቸዋል። ድመቴ ከወፎቹ በልታበታለች፤ እንሽላሊቱንማ ማን ቆጥሮት። «ግቢ ውስጥ ያለ ፍጥረት ሁሉ የሷ ምሳ አይደለም» አለ፣ ፈራ ተባ እያለ። ወንበር አወጣሁለት፤ ውሃ ሰጠሁት። እሱ መልስ ይጠብቃል፤ እኔ ግን ይህንኑ ቃል በዚሁ ከተማ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ነበርና ሐሳቤ እሱን ጥሎ ሄደ።

ጋምቤላ የመጣሁት ክልሉ ገና ክልል ተብሎ ሰሌዳ በሚጻፍበት ጊዜ ነው። የቢሮ ስም ዛሬ ተቀብቶ ነገ ይፋቃል። ባለቤቴ የጤና ረዳት ነበርና፣ «አለቃዬ ማን እንደሆነ ጠይቄ ልምጣ» ብሎ የሚወጣበት ጠዋት ነበር። የዚያን ዘመን ፖለቲካ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ክንድ የሚያህል ዓሣ ባሮ ዳር በሁለት ብር ይሸጥ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ማንጎ በሳፋ እንጂ በፍሬ አይገዛም። ሴቱ ሁሉ ኮንጎ ጫማ ያደርግ ነበር፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያለሰልሰውና እግር ላይ ይለጥፈዋል። የቢሮ ሰዎች እጀ ጉርድ የሳልባጅ ሸሚዛቸውን ቁልፍ ከፍተው ይሄዳሉ። ድልድዩ አጠገብ ያለው ሱቅ ራዲዮኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሱዳን ዘፈን ያሰማ ነበር፤ ቃሉን ባላውቀውም ዜማው ሳላስበው አፌ ላይ ይመጣብኝና አማትቤ እተወዋለሁ። በድሮው ወደብ፣ መርከብ ይቆምበት በነበረው ቦታ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ልጆች ይዋኛሉ። እኔ ልብሴን ቤት አጥብ ነበር። ወንዙን እፈራ ነበር።

ከወሎ ደጋ ነው የመጣሁት። እዚያ ስሙን የማውቀው አንድ ሁለት ፍርሃት ነበረኝ፤ እዚህ ሁሉን ፈራሁ። አዞውን ፈራሁ። ትንኙን ፈራሁ። ሕፃን ልጅ የሚያዝለፈልፈውን ሙቀት ፈራሁ። ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራውን ወሬ ፈራሁ። ከሁሉ አብልጬ የፈራሁት ግን እባብን ነው። በገባን በሁለተኛው ሳምንት ከኋላችን ባለው ግቢ አንዲት ልጅ ተነደፈች። ባለቤቴን በምሳ ሰዓት ጠሩት፤ እኔም ልጄን አዝዬ ተከተልኩ። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። አንዱ ኮንጎ ጫማዋ እግሯ ላይ ነበር። ከሌላው እግሯ ግን፣ ሲያብጥ ጊዜ፣ ጫማውን በቢላ ቀደው አውልቀውታል። መድኃኒቱ ከተማው ውስጥ አልተገኘም። ባለቤቴ ሲመለስ እጁን ታጠበ፤ ቁጭ አለ፤ ተነሥቶ እንደገና ታጠበ። ምግብ አልቀመሰም። ልጄ ናትናኤል ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀትርም አጎበር ውስጥ እያስተኛሁት፣ የአጎበሩንም ጠርዝ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር እጠቀጥቅ ጀመር። የሰፈሩ ሴቶች ሳቁብኝ። «ዝንብ እንዳያርፍበት እንደ ሥጋ ሸፈንሽው» አሉኝ። ይሳቁ።

ጋሽ ይማም የምንለው የአገሬ ሰው ነበር። በድርቁ ዘመን ከወሎ አምጥተው እዚሁ ጋምቤላ፣ አቦቦ ያሰፈሩት ገበሬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለውዝና በቆሎ ይዞ ገበያ ይመጣና ከእኛ ቤት ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል። ፍርሃቴን ስነግረው አዘነልኝ። «ድመት ሳትይዢ በዚህ አገር ልጅ ታሳድጊያለሽ እንዴ፣ እቴ?» አለኝ። «ድመት ያለበት ቤት እባብ አይገባም። እኛ አቦቦ ጫካውን መንጥረን ስንገባ ያተረፈን አላህ ነው፤ ከእሱ በታች ድመት ነው።» በሚቀጥለው ቅዳሜ በጆንያ ቋጥሮ አንዲት አመጣልኝ። ቡላ አልናት። ቡላ በገባች በሳምንቱ የመስኮቱን ሽቦ ወንፊት አንዱን ጥግ በጥፍሯ ገንጥላ መግቢያ መውጫዋ አደረገችው። ባለቤቴ ሊሰፋው ሲል ከለከልኩት። ዘበኛ በር ያስፈልገዋል አልኩ። እንቅልፍም ይወስደኝ ጀመር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስታረግዝ ደግሞ ደስ አለኝ። እናቴ፣ ድመት የወለደችበት ቤት በረከት አያጣም ትል ነበር። ከናትናኤል አልጋ ሥር አሮጌ ጋቢ አነጠፍኩላት። አራት ወለደች።

ግቢው ሁለት ቤት ነበረው። በአንዱ እኛ፣ በሌላው አሪየትና ባሏ ኦሞድ ይኖሩ ነበር። አኙዋ ናቸው፤ ኦሞድ ከአዲሶቹ ቢሮዎች ባንዱ ይሠራል። አሪየት በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። ከቤቷ ጎን በቆሎና ባሚያ ዘርታለች፤ እህሏን በእንጨት እግር ላይ በቆመ ጎተራ ታስቀምጣለች። በመካከላችን ትልቅ ማንጎ ነበር። ያ ማንጎ ስመጣ ወፍ በወፍ ነበር። ግድግዳችን ላይ ደግሞ ራሳቸው ቀይ፣ ሰውነታቸው ሰማያዊ የሆነ እንሽላሊቶች ፀሐይ እየሞቁ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቁ ነበር። እኔ እነሱንም እፈራቸው ነበር። ቡላ ስትጨርሳቸው ቅር አላለኝም።

አሪየት ግን ቅር አላት። አንድ ጠዋት ክንፍ በመዳፏ ይዛ መጣች፤ ወፉ የለም፣ ክንፉ ብቻ። «የናቲ እናት፣ ድመትሽ ወፍ ጨረሰ» አለችኝ።

«እባብ እንዳይገባብኝ ነው የያዝኳት።»

«እባብ ሲመጣ ወፍ ይጮኻል። ወፍ ሲጮህ እኔ አያለሁ። ልጆቼን እንዲህ ነው ያሳደግኩ። ወፍ ካለቀ ማን ይነግረኛል? ድመት ይነግረኛል?»

እጄን ይዛ ወደ ግድግዳዋ ወሰደችኝ። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ጣሪያው ድረስ የአፈር መንገድ ሠርቷል። «እንሽላሊት ነበር ይሄን የሚበላው» አለች። አልተቆጣችም። እኔ እንደማልሰማት ግን አውቃለች። የዚያች ልጅ እግር ከዓይኔ አልጠፋም ነበር።

ነገሩ በሁዳዴ ባሰ። በቤቴ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ። ዓሣ በየደጁ እየዞረ በሚሸጥበት አገር ዓሣ ደጄን አይረግጥም። ቡላም እኛ የምንበላውን በላች፤ ሽሮ በእንጀራ ፈትፍቼ እሰጣታለሁ። አራት የምታጠባ እናት ናት። አሽትታ ትሄዳለች፤ ወደ ማንጎው፣ ወደ በቆሎው፣ ወዳገኘችበት። አሪየት አንድ ቀን የዓሣ ጭንቅላት በቅጠል ይዛ መጣች። «ለሱ ነው» አለች። ድመቷን «እሱ» ነበር የምትላት።

«ጾም ነው፣ አሪየት። ቤቴ አይገባም።»

«አንቺ ጹሚ። እሱ ክርስትና ተነሥቷል?»

ኦሞድ ከማንጎው ሥር ሆኖ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጭንቅላቱን ግን አልተቀበልኳትም፤ ይዛው ተመለሰች። በማግሥቱ አሪየት ከዶሮዋ ጫጩቶች የአንዱን ላባ ብቻ አገኘች። ቅዳሜ ጋሽ ይማም ሲመጣ አሪየት ማንጎው ሥር አስቀመጠችውና ፍርድ ጠየቀች፤ ድመቷን ያመጣው እሱ ነውና። «ይታሰር፣ ወይ ወደ አቦቦ ይሂድ» አለች።

«የታሰረ ድመት ምኑ ድመት ነው?» አለ ጋሽ ይማም። «ግንድ ነው።»

«ግንድ ወፍ አይበላም።»

«ወፍ ይበልጣል ልጅ?»

«ወፍ ነው ልጅ የሚጠብቅ። አንተ ድመት ታምናለህ፤ እኔ ወፍ አምናለሁ። ይቺ ደግሞ ምንም አታምን» አለች፤ ወደ እኔ በአገጯ እያመለከተች። «በቀን አጎበር።»

ኦሞድ ሊያስታርቅ ሞከረ፤ እስከ ፋሲካ ትቆይና ከዚያ ትሂድ አለ። ጋሽ ይማም ለውዙን ይሰብራል። እኔም የተበተነውን ልጣጭ ለቀምኩ። በልቤ ግን ቡላን የትም እንደማልሰጣት ቆርጬ ነበር። ባለቤቴ በሥራ ወደ ፑኝዶ ወርዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አላውቅም። እሷም ከሄደች ከልጄ ጋር ብቻዬን ነኝ፤ እንዲህ ነበር የሚሰማኝ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ይሆናል፤ ቢሮው ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፣ ከተማው ጸጥ ይላል። ቆርቆሮው በሙቀት ይንቋቋል። ናትናኤልን ጓዳ አስተኝቼ፣ አጎበሩን ጠቅጥቄ፣ በፊተኛው ክፍል ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር። ወፎች ሲጮኹ ሰማሁ። የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ሰማሁና ጸሎቴን ቀጠልኩ፤ ለእኔ ያን ጊዜ የወፍ ጩኸት የወፍ ጩኸት ነበር። ቀጥሎ ከጓዳ ቡላ ስታጉረመርም ሰማሁ። አፏ ሲሞላ የምታሰማው ድምፅ ነው። አይጥ መስሎኝ መጋረጃውን ገለጥኩ።

ቡላ በወለሉ መካከል ቆማለች። ከአፏ ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል። ግልገሎቹ ከአልጋው ሥር እየተንገዳገዱ ወጡ። እሷም እያየኋት አፏን ከፍታ ለቀቀችው፤ ሕይወት ነበረው። ተጠቀለለ፤ ከዚያ አንገቱን አስፍቶ ቀና አለ። ቡላ በመዳፏ መታ አድርጋው ወደ ኋላ አለች፤ ልጆቿን አየች፤ እንደገና መታችው። እኔና አልጋው መካከል ነው ያለው። ናትናኤል ነቅቷል። በጉልበቱ ተንበርክኮ አጎበሩን በሁለት እጁ ይገፋል። «ውሮ» ይላል። «ውሮ፣ ውሮ።» ሊወርድ ይፈልጋል። የጠቀጠቅሁት ጠርዝ ከአንድ ወገን መውጣት ጀምሯል። ልሄድ ፈለግሁ፤ እግሬ የእኔ አልነበረም። እመቤቴን እንኳ በስሟ መጥራት አቃተኝ።

በመስኮቱ የአሪየት ፊት ታየኝ። እኔን አየች፤ ወለሉን አየች። «አትጩኺ» አለችኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው በቀስታ። «አትንቀሳቀሺ።» ቡላ የገነጠለችውን ጥግ በሁለት እጇ ያዘችና ሽቦውን ወደ ውጭ ቀደደችው። ክንዷ ደም በደም ሆነ። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ነበር። እጇን አስገብታ ልጄን ከነአጎበሩ አቅፋ አነሣችው፤ አጎበሩ ከግድግዳው ሚስማር ተነቀለ፤ ናትናኤል በመስኮቱ ወጣ። ከድመቷ ስለለዩት ያለቅስ ነበር። ከኋላዬ ኦሞድ በዓሣ መውጊያ ጦሩ ትከሻዬን ገፋ አድርጎ አለፈ። እባቡን አንድ ጊዜ ወጋው። ቡላ ተቆጣችው። «ምሳ ቀማናት» አለ ኦሞድ።

ማንጎው ሥር ልጄን ተቀብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጣቱን፣ እግሩን፣ አንገቱን እያገላበጥኩ አየሁ። አሪየት ክንዷን በውሃ ታጥባለች። እንዴት እንደመጣች ጠየቅኋት። «ወፍ ከበቆሎው ጀመረ» አለች። «ወደ ማንጎው መጣ። ከማንጎው ወደ መስኮትሽ ሄደ። ወፍ እየሄደ ሲጮህ የሚሄድ ነገር አለ።» አሁን ይታሰር፣ ይገደል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ መብቷ ነበር። እኔው ቀደምኳት። «ዛሬውኑ ከነልጆቿ ትውጣልኝ» አልኩ።

«ለምን?» አለች አሪየት። «እናት ነው። ለልጆቹ እባብ ያሳያል። ካላዩ በምን ያውቁታል?» ውሃውን ከክንዷ አራገፈች። «ርቦታል ግን።»

ቅዳሜ ጋሽ ይማም ወሬውን ገበያ ሰምቶ ነው የመጣው። ከበሩ ጀምሮ ደስ ብሎታል። «አላልኩሽም፣ እቴ? ያዘችው!»

«ያዘ» አለች አሪየት። «ይዞ የት ወሰደ?»

ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞረ። ነገርኩት። የያዘውን ለውዝ ወደ ኪሱ መለሰ። «አላህ ጠበቀው» አለ። ድመትም ወፍም አላነሣም።

ስለ ማሰር ከዚያ በኋላ ያወራ የለም። ቡላና ልጆቿ ወደ አሪየት ጎተራ ሥር ተዛወሩ፤ እዚያ አይጥ ሞልቷል። አሪየት በየቀኑ ረፋድ ላይ የዓሣ ጭንቅላት ታስቀምጥላት ነበር፤ በሁዳዴም፣ በዓርብም። እኔ የመስኮቱን ሽቦ በገዛ እጄ ሰፋሁት። ቡላ ወፍ መብላት ጨርሳ ተወች ብዬ አልዋሽም፤ ድመት ናት። ሆዷ ሲሞላ ግን ማንጎው ሥር ተኝታ ወፎቹን በግማሽ ዓይኗ ታይ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ማንጎው እንደገና ጫጫታ ሞላው። ወፎች በጮኹ ቁጥር አሪየት ናትናኤልን በእጁ ይዛ ትሄድና ከሩቅ አቁማ ታሳየዋለች። «እዚያ። አየህ? ከዚህ አትለፍ።» እኔ ደጃፍ ቆሜ ነጠላዬን ነክሼ እጸልያለሁ። አብሬያቸው ለመሄድ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ዛሬ ናትናኤል አቦቦ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ የልጆች አባት ሆኗል። አሪየት ካረፈች ቆየች፤ ባለቤቴም እንዲሁ። ነፍሳቸውን ይማር። በየቅዳሴው ስማቸውን አነሣለሁ፤ የአሪየትን አስቀድማለሁ።

መምህሩ ውሃውን ጨርሶ ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቀኛል። «አላስራትም፣ ልጄ» አልኩት። «ግን ና።» ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ግንቡ ሥር የድመቴ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ የዓሣ ጭንቅላት አጥንት። ከትናንት በስቲያ እንደገና የጀመርኩት ነው፤ ዓሣ የምታመጣልኝ ልጅ ታማ ሰንብታ ነበር፤ ወፎችህን የበላችውም በዚያው ሰሞን ነው አልኩት። ሳቀ። «ሁዳዴ ነው እኮ፣ እማማ። እርስዎ እየጾሙ እሷ ዓሣ ትበላለች?»

«እሷ ክርስትና አልተነሣችም።»

ደስ ብሎት ስለ ወፎቹ ይነግረኝ ጀመር፤ የትኛው ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው አበባ እንደሚመርጥ። ጥሩ ያወራል። በዚያ መሐል ከአጥሩ ሥር ወፎቹ ጮኹ። «ይኸው!» አለ፣ «ድመትዎ።» ድመቴን አየኋት። ሳህኗ አጠገብ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ተኝታለች። ጩኸቱ ከአጥሩ ወደ አበቦቹ፣ ከአበቦቹ ወደ እኛ ይመጣል። እግሬ በረደ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም ይበርዳል። እሱ ድመቷ አጥሩ ሥር ያለች መስሎት ሊያባርራት አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። ክንዱን ያዝኩት።

«አትጩህ፣ ልጄ» አልኩት። «አትንቀሳቀስ።»